ረቂቅ ይሉታል እንጂ ግዙፍ ነው፦ የካዙኦ እና የፉጂኮ ሺራጋ ሥዕሎች

ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሸራ ነው። ጥቁርና ደም የመሰለ ቀይ ቀለም አንዱ ጋ ተቆልሏል፣ ሌላው ጋ ተጨፍልቋል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አዳልጦት ያለፈ ይመስል ተንሸራቷል። ከጎኑ ትንሽ ካርድ ተለጥፏል፤ «ካዙኦ ሺራጋ፣ ዘይት ቀለም በሸራ ላይ» ይላል። ተመልካቹ ወደ ኋላ ይላል፣ እንደገና ይቀርባል፣ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል፦ «ምን መሆኑ ነው?»

ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው የሚያሳፍረው፤ «የጠቢቡ የውስጥ ስሜት ነዋ!» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። የሺራጋን ባልና ሚስት ሥዕሎች በዚህ መንገድ ለማየት የሚሞክር ሰው ግን አንድም ነገር ሳያይ ይወጣል። ምክንያቱን ለማስረዳት ከራሱ ከቃሉ መጀመር ይሻላል።

«ረቂቅ ሥዕል» ምን ማለት ነው?

ሰውን፣ ዛፍን፣ ቤትን ወይም ሌላ የምናውቀውን ነገር መስሎ የማይሣል ሥዕል ነው። ቀለሙ፣ መስመሩና ቅርጹ የሌላ ነገር ምስል ሳይሆኑ ራሳቸውን ችለው ይቀርባሉ። አብስትራክት የሚባለውም ይኸው ነው።

አማርኛችን «ረቂቅ» ብሎ ሲሰይመው ግን አንድ ችግር አብሮ መጥቷል። በእኛ አነጋገር የረቂቅ ተቃራኒ ግዙፍ ነው። ረቂቅ ማለት አካል የሌለው፣ የማይዳሰስ፣ እንደ መላእክት ያለ ነው፤ ግዙፍ ደግሞ አካል ያለው፣ የሚጨበጥና የሚከብድ። ስለዚህ «ረቂቅ ሥዕል» ሲባል ጆሯችን ከሸራው ጀርባ የተሰወረ መንፈሳዊ ትርጉም እንድንፈልግ ይገፋፋናል። አንዳንድ ረቂቅ ሠዓሊዎች በእርግጥም እንዲህ ያለ ሐሳብ ነበራቸው። ሺራጋዎች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እነሱ የነበሩበት ማኅበር ስያሜ «ጉታይ» ሲሆን፣ በጃፓንኛ የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል መሣሪያን፣ ሁለተኛው ደግሞ አካልን ያመለክታል። በአንድ ላይ «ተጨባጭ» ወይም በቤተ ክህነቱ አነጋገር «ግዘፍ የነሣ» እንደ ማለት ነው። ረቂቅ ብለን የምንጠራቸው ሰዎች ራሳቸውን ግዙፍ ብለው ሰይመዋል ማለት ነው። ይህችን ነገር የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

እነማን ናቸው?

ካዙኦ ሺራጋ በ1924 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦሳካ አጠገብ ባለችው በአማጋሳኪ ከተማ ኪሞኖ የሚባለውን የጃፓን ባህላዊ ልብስ ከሚነግድ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ያየው የአካባቢው በዓል ከአእምሮው አልወጣም፦ ጎረምሶች ትልልቅ የእንጨት ሠረገላዎችን እየገፉ ያጋጫሉ፣ ሰው ይጎዳል፣ ደም ይፈስሳል። ኪዮቶ ገብቶ የተማረው ግን የዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነውን ባህላዊ የጃፓን ሥዕል ነበር። ከተፈጨ ማዕድንና ከእንስሳ ሙጫ የሚዘጋጅ ቀለም በቀጭን ብሩሽ፣ በትዕግሥት የሚቀባበት ሙያ ነው። በ1948 ትምህርቱን ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት በ1928 ኦሳካ ውስጥ የተወለደችውን ፉጂኮን አገባ። ወደ ዘይት ቀለም የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የሚያዳልጥና የሚያጣብቅ ነገር ይወድ ነበርና።

ባልየው በ2008፣ ሚስትየዋ ደግሞ በ2015 አረፉ። ስድሳ ዓመት አብረው ኖረዋል።

ለምን በእግር?

ካዙኦ በእግሩ መሣል የጀመረው በ1954 ነው። ሸራውን ወይም ወረቀቱን ወለል ላይ ያነጥፋል። ከጣሪያው ገመድ ይወርዳል። የዘይት ቀለሙ በክምር በክምር ሸራው ላይ ይደረጋል። ከዚያ በባዶ እግሩ ይገባና ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግማሽ ክብደቱን ለገመዱ ግማሹን ለእግሩ ሰጥቶ ይረግጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይሽከረከራል። ገመዱ ባይኖር ቀለሙ አዳልጦ ይጥለዋል። ገመዱ ስላለ ደግሞ ወድቆ ሳይወድቅ ይቀራል፤ ሸራው ላይ የምናየው ረጅም ቅስት የተፈጠረውም እዚያች መሐል ላይ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ ያውቃል። አፈሩ ላይ ውኃ ይፈስሳል፣ ጭድ ይነሰነሳል፣ ከዚያ ሱሪውን የሰበሰበ ሰው ገብቶ ይረግጠዋል። ጭቃው እግሩን ይይዘዋል፤ እሱም ጭቃውን ይገፋዋል። ማን ማንን እያሸነፈ እንደሆነ አይታወቅም። ካዙኦ በ1955 ጥቅምት ወር ቶኪዮ ውስጥ በጉታይ የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ ላይ ያደረገው ቃል በቃል ይህንኑ ነው። ለግድግዳ ምርጊት የሚሆን ጭቃ ግቢው ውስጥ አስከመረና ቁምጣ ብቻ ለብሶ በሙሉ አካሉ ገባበት። ታገለው። ተጭሮና ተልጦ ወጣ። ጭቃው እንደተወው ሆኖ፣ የእጁንና የእግሩን ምልክት እንደያዘ፣ ዐውደ ርእዩ እስኪያበቃ ድረስ እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ለእይታ ቀርቧል። «ጭቃን መገዳደር» ይባላል፤ ዛሬ የቀረን ፎቶግራፉ ነው።

እጅን ለምን ተወው? እጅ የተማረ ነው። ለዓመታት ብሩሽ ሲይዝ የኖረ እጅ ባለቤቱ ባይፈልግም የሚያምር መስመር ያወጣል፣ ቅንብር ያስተካክላል፣ የአስተማሪውን ድምፅ ያስታውሳል። እግር ግን ትምህርት ቤት አልገባም። በእግሩ የሚሥል ሰው የሚያወጣው መስመር የክብደቱ፣ የጡንቻው፣ የሚዛኑና የመሳቱ መስመር ነው። ካዙኦ ከትምህርቱ ለማምለጥ ያገኘው በር ይህ ነበር።

ጉታይ ምን ዓይነት ማኅበር ነበር?

በ1954 ኮቤና ኦሳካ መካከል ባለችው በአሺያ ከተማ ተመሠረተ። መሪው ጂሮ ዮሺሃራ ሠዓሊም የምግብ ዘይት ኩባንያ ባለቤትም ነበር፤ የማኅበሩን ወጪ ለመሸፈን ዘይቱ ከሥዕሉ የበለጠ ሳይጠቅም አልቀረም። ለወጣቶቹ የሰጣቸው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ሌላውን አትቅዱ፤ ከዚህ በፊት ያልተሠራውን ሥሩ።

ዛሬ ይህን ምክር በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። በ1954 ጃፓን ውስጥ ግን ሌላ ክብደት ነበረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መንግሥት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲያስብ፣ አንድ ዓይነት እንዲናገርና በአንድ ላይ እንዲሰለፍ ያስገድድ ነበር። በዚያ ውስጥ ላደገ ወጣት «ማንንም አትምሰል» ማለት የጥበብ ምክር ብቻ አይደለም።

ዮሺሃራ በ1956 ባወጣው መግለጫ የማኅበሩን ሐሳብ አስፍሯል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጥበብ ቁስን ሌላ ነገር አስመስሎ ማቅረብ የለበትም። ቀለም ሥጋ፣ ድንጋይም ሰው እንዲመስል ማድረግ ቁሱን ማስዋሸት ነው። ቁሱ ራሱን ሆኖ እንዲናገር ይተው፤ የሰው መንፈስና ቁስ ሳይዋዋጡ ይጨባበጡ።

ከአሜሪካዊው ሠዓሊ ከጃክሰን ፖሎክ የተቀዳ አይደለም?

ጉታዮችን ሲያሳድድ የኖረ ክስ ነው። ማኅበሩ በ1958 ኒውዮርክ በሚገኘው በማርታ ጃክሰን ጋለሪ ሥራዎቹን ሲያሳይ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ የፖሎክ ጭፍራ ተደርገው ነው የታዩት። ዮሺሃራ የፖሎክን ሥራ ያውቅ ነበር፣ ያደንቀውም ነበር፤ ይህ አይካድም። የማኅበሩ መጽሔትም ለፖሎክ ተልኮለት ነበር፤ ፖሎክ በ1956 ከሞተ በኋላም ቅጂዎቹ ቤቱ ተገኝተዋል።

ልዩነቱ ግን በዓይን ይታያል። ፖሎክ ሸራው ዙሪያ እየዞረ ቀለም ከላይ ያንጠባጥባል፤ በሰውየውና በሸራው መካከል አየር አለ። ካዙኦ ቀለሙ ውስጥ ነው ያለው። የአንዱ ሥራ መሬት ላይ የወደቀ ዝናብን ይመስላል፤ የሌላው ደግሞ የተረገጠ መሬትን።

ፉጂኮስ?

እስካሁን የተነገረው የባልየው ታሪክ ነው፤ ብዙ መጻሕፍትም የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው።

ፉጂኮ የጉታይ አባል የሆነችው ባሏን አጅባ ሳይሆን ራሷን ችላ ነው። በ1955 ሐምሌ ማኅበሩ በአሺያ የጥድ መናፈሻ ውስጥ የአደባባይ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ፣ ካዙኦ በቀይ የተቀቡ ግንዶችን ጫፋቸውን አገናኝቶ አቁሞ ከውስጥ ሆኖ በመጥረቢያ ፈለጣቸው። ፉጂኮ ያቀረበችው ነጭ የተቀባ ረጅም ሳንቃ ነበር። ሳንቃው ላይ ስንጥቅ ይሄዳል። ሌላ ነገር የለም። መጥረቢያ የያዘው ሰውዬ የሁሉን ዓይን እንደሳበ መገመት አይከብድም፤ እኔ ግን ፎቶግራፎቹን ባየሁ ቁጥር ቆሜ የምቀረው ሳንቃው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራቻቸው ሥራዎችም ከዚያ ስንጥቅ የወጡ ናቸው። ዋሺ የሚባለውን በቃጫው ጥንካሬ የታወቀውን የጃፓን ወረቀት ትቀድዳለች፣ ትጨማድዳለች፣ ደርባ ትለጥፋለች፤ አንዳንዴም ቀለምና የመስተዋት ስብርባሪ ትጨምርበታለች። ዋሺን የቀደደ ሰው እንደሚያውቀው ወረቀቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ አይለያይም። ቃጫው ይጎተታል፣ ጠርዙ ላይ ፀጉር ያወጣል። የሷ «መስመር» ይህ ነው። ባልየው መስመሩን በክብደት ያወጣዋል፤ ሚስትየዋ በመቅደድ። ሁለቱም መስመራቸውን በብሩሽ አላወጡም፤ ሁለቱም ቁሱ የራሱን ነገር እንዲያደርግ ፈቅደዋል። አንዱ የሚጮህ፣ ሌላው የሚያንሾካሹክ ይሁን እንጂ ቤቱ አንድ ነው።

ታዲያ ለምን አቆመች?

በ1961 ፉጂኮ የራሷን ሥራ ትታ ባሏን ወደ ማገዝ ዞረች። ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1957፣ ፈረንሳዊው ሐያሲ ሚሼል ታፒዬ ወደ ጃፓን መጥቶ የጉታይን ሥዕሎች ለአውሮፓ ገበያ አስተዋውቆ ነበር። ካዙኦ በ1962 ፓሪስ ውስጥ በስታድለር ጋለሪ ለብቻው አሳየ። ሥዕል ይፈለጋል፣ ይላካል፤ ሥራው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚወጣው ዓይነት አይደለም። በሁለቱም እጁ ገመድ የያዘ ሰው ቀለም ከየት አምጥቶ ይጨምራል?

ቀለሙን የምታዘጋጀው ፉጂኮ ነበረች። እሱ ተንጠልጥሎ ሳለ ሸራው ላይ የምታኖረውም እሷ ነበረች፤ ሐሳቧንም ትሰጠው ነበር። እሱ ሲሥል አጠገቡ የምትገኘው ሰው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ሁለት አነባበብ አለ። አንደኛው «ረዳት ነበረች» ይላል፤ ሐሳቡ የካዙኦ፣ እግሩ የካዙኦ፣ ስሙም የካዙኦ። ሁለተኛው ደግሞ፦ እንዲህ ባለ ሥዕል የትኛው ቀለም፣ የት ቦታ፣ ምን ያህል ክምር የሚለው የሥዕሉ ግማሽ አይደለም ወይ? እስክስታ የሚወርደውን ሰው ሁሉም ያየዋል፤ ከበሮ መቺው ከዳር ነው የሚቆመው። ከበሮው አካሄዱን ሲቀይር ግን ትከሻውም ይቀይራል። ካርዱ ላይ የሁለት ሰው ስም ይጻፍ የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ራሳቸው እንዲያ አላደረጉም። ነገር ግን የሁለቱ ሥራዎች በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የፉጂኮን ነጭ ወረቀት ያየ ተመልካች ወደ ባልየው ቀይ ሸራ ሲመለስ የማን ዓይን እዚያ እንደነበረ ያውቃል።

ሁሌም ሚስት ናት የምትተወው?

አይደለም፤ በዚያው ማኅበር ውስጥ የዚህ ተቃራኒ ነበር። አትሱኮ ታናካ (ከ1932 እስከ 2005) በ1955 ሃያ የኤሌክትሪክ ደወሎችን በሽቦ አያይዛ አዳራሹ ውስጥ ዘረጋች፤ ጎብኚው ማብሪያውን ሲጫን ድምፁ እየራቀ ሄዶ ይመለሳል። በ1956 ደግሞ በቀለም ከተነከሩ አምፖሎችና ከሽቦ የተሠራ ቀሚስ ለበሰች፤ እያበራ እያጠፋ። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሣለችው ክቦችንና የተጠላለፉ መስመሮችን ነው። አምፖልና ሽቦ መሆናቸውን አንዴ ከሰሙ በኋላ ሌላ ነገር ሆነው አይታዩም።

ባሏ አኪራ ካናያማ (ከ1924 እስከ 2006) የካዙኦ ፍጹም ተቃራኒ ሠዓሊ ነበር። አንዱ ሙሉ አካሉን ቀለም ውስጥ ሲነክር፣ ሌላው በርቀት የሚታዘዝ የልጆች መጫወቻ መኪና ላይ ቀለም ጭኖ እንዲሥልለት ለቀቀው። ታናካና ካናያማ በ1965 ከጉታይ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የራሱን ሥራ ወደ ጎን አድርጎ ሚስቱን የደገፈው እሱ ነው። አንድ ማኅበር፣ ሁለት ቤት፤ በአንደኛው ሚስት ገመድ ያዘች፣ በሁለተኛው ባል ሽቦ።

ርእሶቹ ለምን የጦረኛ ስም ሆኑ?

ብዙዎቹ የካዙኦ ሥዕሎች የተሰየሙት የ108 ጀግኖችን ገድል በሚተርክ ጥንታዊ የቻይና ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ነው። ሥዕሎቹ ግን የጀግኖቹ ምስል አይደሉም። ስሙ ለሸራው የተሰጠ መጠሪያ ነው፤ ለበሬ «ወይኖ» ብሎ ስም እንደማውጣት ያለ። ርእሱን አንብቦ ቀለሙ ውስጥ ጎራዴ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል።

የጀግኖቹ ስሞች ያለ ምክንያት አልተመረጡም፤ ካዙኦ ኃይለኛ ነገር ይስበው ነበር። በ1963 ከሠራቸው ሁለት ሥራዎች ላይ የከርከሮ ቆዳ ከነፀጉሩ ለጥፎበታል። ይኸው ሰው በ1971 በኪዮቶ አጠገብ ባለው በሂየይ ተራራ ገዳም የቴንዳይ ቡድሂስት መነኩሴ ሆነ። መሣሉን አልተወም፤ ትዳሩንም እንዲሁ፤ በዚያ ሥርዓት መነኩሴ ሚስት ሊኖረው ይችላል።

ልጅስ አይሠራውም?

ልጅ ቀለም ላይ ቢንሸራተት ደስ የሚል ምልክት ይተው ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ገመዱን ይዞ በየጊዜው የተለየ ሚዛን መፈለግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጉታይ በ1972 ዮሺሃራ ሲሞት ፈረሰ፤ ለረጅም ጊዜም ከጃፓን ውጭ ያስታወሰው ጥቂት ነበር። በ2013 የኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጀለት፤ በዚያው ዓመት የትውልድ ከተማው አማጋሳኪ የካዙኦን መታሰቢያ ክፍል ከፈተች። ዛሬ ሥዕሎቹ በጨረታ በሚሊዮኖች ዩሮ ይሸጣሉ። ዋጋው የሥዕሉን ጥራት አያስረዳም፤ ጭምጭምታውን ግን ያስረዳል።

ፊቱ ስንቆም ምን እንይ?

ከጎን ቆመው ይጀምሩ። ከፊት ለፊት ጠፍጣፋ የመሰለው ሸራ ከጎን ሲታይ ተራራና ሸለቆ አለው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ስለሆነ፣ ወፍራም ክምር ከላይ እንደ ወተት ቆዳ ያወጣል፤ ከሥሩ ለዓመታት ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ያ የተጨማደደ ገጽ ይታይዎታል።

ከዚያ አንድ ቅስት ይምረጡና ከየት ተነሥቶ የት እንደቆመ ይከተሉ። ቀለሙ ቀጥኖ ሸራው የሚታይበት ቦታ ክብደቱ ያረፈበት ነው። በጠርዙ ላይ የተቆለለው ግንብ እግሩ ገፍቶ ያመጣው ነው። ድንገት ዞሮ የሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ ገመዱ የጎተተው ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ተረከዝ ይታያል፣ አንዳንዴም የጣቶች ጭረት።

መጨረሻ ላይ እግሩ ያልደረሰባትን ቦታ ይፈልጉ። በብዙዎቹ ሸራዎች ጥግ ላይ እንዲህ ያለች ነገር አለች፦ ሳትረገጥ የቀረች ትንሽ የቀለም ክምር፣ እንደተቀመጠች ደርቃ የቀረች። ከ1961 ወዲህ ከተሠሩት በአንዱ ላይ ካገኟት፣ የሚያዩት የፉጂኮን እጅ ሊሆን ይችላል።